ለቅሶ የደረሰ ገዢ

ሶስና ስህተቱን ያየችው «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ከመለሰች በኋላ ነው።

ጋሽ ልዑልሰገድ ከባሕር ዳር የላኩላት ፎቶግራፍ የሳሎናቸውን ግድግዳ ያሳያል። ልጇ ውዳሴ በእጇ የሳለቻቸው ሥዕሎች ፍሬም ገብተው ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ ዝናብ ያገኛት ሴትዮ፣ የአውቶቡስ ወረፋው፣ የዳቦ ጋሪ ሥር የተኛው ውሻ፣ ጫፍ ላይ ደግሞ ሦስቱ ፍየሎች። ሶስና ፎቶግራፉን ለጎረቤቷ ለአቶ ይማም አሳየች። ለጋሽ ልዑልሰገድ ዕድሜና ጤና ተመኝታ መልእክት ላከች። ከዚያ ሽንኩርት ልትከትፍ ተቀመጠች፤ ቢላዋው ሽንኩርቱ መሐል ላይ ቆመ።

ሦስቱ ፍየሎች ገና አልተላኩም። ውሃ የነካው ወረቀት ሲደርቅ ስለሚጨማደድ፣ እንደ ልማዷ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጋ ፍራሿ ሥር ከታቸዋለች። ትናንት ማታ ተኝታባቸዋለች። እጇን ሳትታጠብ ሄዳ ፍራሹን አነሳች። ፍየሎቹ እዚያው ናቸው፤ ሦስቱም።

ሶስና ሁልጊዜ ክፉውን የምትጠብቅ ሴት ናት። ስልክ ሲጠራ ሰው የሞተ ይመስላታል፤ ስልክ ሳይጠራ ሲውል ደግሞ መርዶ ሊነግሩኝ ፈርተው ነው ትላለች። በዚህ ምክንያት ልጇ አታምናትም፤ አንዳንዴ እሷም ራሷን አታምንም። ስለዚህ ፍራሹን መልሳ ሽንኩርቷን ከተፈች። ግን እንባዋ የሽንኩርት ብቻ አልነበረም።

ጊዜው 2091 ዓ.ም. ኅዳር ነው፤ ከተማው ደሴ። ማሽን የማይስለው ሥዕል በሌለበት በዚያ ዘመን ሰው የሚገዛው ሥዕሉን ብቻ አልነበረም። ሲሳል ማየትንም ይገዛ ነበር። በቀጠሮ ቀን ጠዋት ውዳሴ እጇን በሳሙና ታጥባ ከጠረጴዛው በላይ ለተሰቀለው የካሜራ ዓይን መዳፏንና የእጇን ጀርባ ታሳያለች፤ ስሟን ትናገራለች፤ ከዚያ ቀለም ትነክራለች። ዓይኑ ከጣቷ አይነቀልም። እናትየው በዚያ ሰዓት ማውራት አይፈቀድላትም፤ ካልሲ አድርጋ በዳር በዳር ትሄዳለች። ሻይ ስታቀርብም እጇ ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ ብርጭቆውን በማንኪያ እየገፋች ነው። ሰው ሲለምደው ይኼም ኑሮ ነው።

ሠዓሊና ገዢ የሚገናኙበትን ቦታ ሁሉም «መንደር» ይለዋል። አፈርም አጥርም የለውም፤ እድር ግን አለው፣ ሽማግሌዎችም አሉት። መንደር ውስጥ ደጁ የተዘጋበት ሰው ሥዕል መሸጥም መግዛትም አይችልም። እየቆየ ሌላውም አገልግሎት ሁሉ የሰውን ታማኝነት ከመንደር መጠየቅ ስለጀመረ፣ የዳቦ ጋሪው ደጁ በተዘጋበት ሰው በር ላይ ሳይቆም ያልፋል፤ አውቶቡሱም ሌላው ሰው ገብቶ እስኪያበቃ ያስጠብቀዋል። ማንም ክፉ ቃል አይናገረውም። ዝም ብሎ መጨረሻ ይሆናል።

ሶስና ስለ ፍየሎቹ ገዢውን በጊዜ ያልጠየቀችው ይሉኝታ ይዟት ነው። ነሐሴ ላይ አባቷ ያረፉ ጊዜ ሌሎቹ ገዢዎች አንድ መስመር ጽፈው አለፉ። ጋሽ ልዑልሰገድ ግን ድንኳኑ ውስጥ በተሰቀለው ስክሪን ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሠልስት እስኪወጣ ድረስ ተቀምጠዋል። ለቀስተኛው ሁሉ የቅርብ ዘመድ መስለውት ወደ ስክሪኑ እያጎነበሰ እጅ ነስቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ «እታለም» ነው የሚሏት፤ በየበዓሉ ይደውላሉ። አባቴን የቀበሩልኝን ሰውዬ በምን አፌ ስለ ሦስት ፍየል እጠይቃለሁ ብላ አሰበች።

ውዳሴ ከገበያ ስትመለስ ግን አላስቻላትም፤ ነገረቻት።

«እማ፣ አንቺ እኮ ፀሐይ ብትወጣ ማን አስወጣት የምትይ ነሽ» አለች ልጅቷ ጫማዋን እያወለቀች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ቀልዷ እንደ አያቷ ነው። ቢሆንም ስልኩን ተቀብላ ፎቶግራፉን አጎላችው። የመጨረሻው ፍየል ቀንድ ላይ ተሳስታ በምላጭ ፍቃ ያስተካከለችው ቦታ ነበር። ፍራሹን አንስታ የራሷን አየች፤ ፍቁ አለ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የለም። ቀንዱ ከመጀመሪያው ሳይሳሳት የወጣ ነው።

ወረቀቱንና ስልኩን ጎን ለጎን አደረገች።

«መስመሩ የኔ ነው» አለች። «እንዲህ ነበር ልስለው የፈለግሁት። ግን እኔ አልሳልኩትም።»

መዲና የምትባለው ሴት ከጅማ የደወለችው የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሶስና አታውቃትም። ሴትየዋ ለሰላምታ ብዙ ጊዜ አልሰጠችም፤ ስለማስቸግርዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብላ ቀጥታ ወደ ነገሩ ገባች። አንዋር የሚባል ሠዓሊ ልጅ አላት። ዓምና ልዑልሰገድ የሚባል ገዢ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየጨመረ ሲያስለው ከረመ፤ እነሱም እንጀራችን ተገኘ ብለው ደስ አላቸው። ማሽን የአንድን ሰው አሳሳል አጥንቶ ሲጨርስ «እጁ ሞላ» ይባላል። በመንደር ሕግ እጅ የሚመዘገበው ሲሞላ ነው፤ መሙላቱን ደግሞ ቀድሞ የሚያውቀው፣ በስሙም የሚያስመዘግበው ገዢው ነው። ከመጨረሻው ቀጠሮ ማግሥት አንዋር አዲስ ሥዕል ደጁ ላይ ሲሰቅል፣ ይህ እጅ የሌላ ሰው ነው፣ አስመስሎ መሳል ክልክል ነው የሚል ቃል መጣለት። የገዛ እጁ ተከለከለ።

አሁን በግራው እየተለማመደ ነው አለች መዲና። ድምጿ አልተለወጠም። አንደኛ ክፍል እንደገባ ልጅ ነው የሚስለው አለች።

ዛሬ ጠዋት የልዑልሰገድ ደጅ ላይ የውዳሴን ስም አይታ መንደር ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥታለች። ሶስና ይህን ስትሰማ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። መንደር ውስጥ ማስጠንቀቂያ ማውጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ድሮ ድሮ የፈለገ ሰው የፈለገውን ገዢ ወይም ሻጭ ሌባ ነው፣ ከፍሎ አያውቅም፣ ልኮ አያውቅም እያለ ይጽፍ ነበር አሉ፤ በቂም የተነሳ የብዙ ደህና ሰው ስም ጠፋ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሕግ አወጡ። የሚያስጠነቅቅ ሰው የራሱን ደጅ መያዣ ያደርጋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሌላ ከተማ ሁለተኛ ምስክር ካልቆመለት የሚዘጋው የእሱ ደጅ ነው። ሕጉ ሐሜትን ለማጥፋት ወጣ፤ ከሐሜት ጋር ማስጠንቀቂያም ጠፋ። ሰው እየተበላ ዝም ይላል።

«እርስዎ ምን አገኛለሁ ብለው ነው?» አለች ሶስና። «የልጅዎ እጅ እንደሆነ ሄዷል።»

«ሄዷል» አለች መዲና። «የርስዎ ልጅ እጅ ግን አልሄደም። ነገ ጠዋት የመጨረሻው ቀጠሮዋ ነው፤ አይደለም?»

ነበር። ውሉ የተጀመረውን ቀጠሮ ያለ በቂ ምክንያት ያቋረጠ ሠዓሊ ደጁ ይዘጋል ይላል። ማስጠንቀቂያው ከጸና ብቻ ነው ውሉ የሚፈርሰው። ነገ ውዳሴ ከሳለች እጇ ይሞላል፤ ካልሳለች ደጇ ይዘጋል። ሶስና ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ነገር ስትጠብቅ ኖራ ይኼን ብቻ አልጠበቀችውም።

መዲና ቀጠለች። ባሏ የሞተ ጊዜ ሰውየው ለቅሶ ደርሶኛል አለች። በሁለተኛው ቀን፣ ምሳ ሳይቀርብ፣ የጋቢውን የግራ ጫፍ አንስቶ የግራ ዓይኑን ጠረገ፤ ሁለቴ ሳለ፤ ጫፉን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አላህ ይዘንላቸው» አለ። እርስዎ ቤትስ ብላ ጠየቀች።

ሶስና ተቆጣች። አባቷን አስባ ነው የተቆጣችው። ጋሽ ልዑልሰገድ እንባቸውን ጠርገዋል፣ አዎ፤ ማን ነው ለቅሶ ላይ እንባውን የማይጠርግ? ይህቺ ሴት ልጇ ቢጎዳባትም የሰው ለቅሶ ማርከስ አልነበረባትም። አስብበታለሁ ብላ ስልኩን ልትዘጋ ስትል መዲና እንዲህ አለች፦

«ያስቡበት። እኔ ግን እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ፤ እርስዎም ከኔ የበለጠ የለዎትም።»

ውዳሴ ከበሩ ሥር ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ዛሬውኑ እንመስክር አለች። ሶስና ግን ሰውን በሌለበት መክሰስ ሐሜት ነው፤ ፊት ለፊት ሳልነግራቸው አላደርገውም አለች። ልጅቷ ለመነቻት፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ይነገረዋል ወይ፣ ነቅቶ ሌላ ነገር ይሠራብናል አለች። እናትየው ወይ ፍንክች። በዚህ አገር ስንት ሰው በእንዲህ ያለ ጨዋነት እንደተበላ ቢጠየቅ የሚያውቅ የለም፤ የተበላው ሰው ጨዋ ስለሆነ አይናገርምና።

ጋሽ ልዑልሰገድ ወዲያው አነሱ። ሁልጊዜም ወዲያው ነው የሚያነሱት። ክፍት ኮሌታ ያለው ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከኋላቸው መስኮት፣ ከመስኮቱ ውጭ ሐይቁ ይታያል።

ሶስና ላቧ እየወጣ ስለ ፍየሎቹ አነሳች። ሰውየው ሳቁ። የሰው ልብ የሚያቀል ሳቅ ነበር። «ናፍቆኝ ነው እታለም» አሉ። «እስኪደርስልኝ አላስችል ቢለኝ ምስሉን አሳትሜ ቦታ ያዝኩለት። ዋናው ሲመጣ አወርደዋለሁ።»

መልሱ ሙሉ መሰላት፤ በምላጭ የተፋቀው ቀንድ ከሐሳቧ ጠፋ። ሶስና ትንፋሿ መለስ አለላት፤ ወዲያው ደግሞ ሐፍረት ወረራት። እንዲህ ያለ ሰው ጠረጠርኩ ብላ የሁልጊዜ ምስጋናዋን ደገመችው። የአባቴን ለቅሶ የደረሱልኝን መቼም አልረሳውም አለች።

ጋሽ ልዑልሰገድ አንገታቸውን ደፉ። «አባታችንን ባሰብኩ ቁጥር…» አሉ። የጋቢያቸውን የግራ ጫፍ አንስተው የግራ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁለቴ ሳሉ። ጫፉን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ነፍስ ይማር።»

ሶስና ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ስልኩን ሲያነሱ ጋቢ አልለበሱም ነበር።

አሁን ግን ጋቢው ትከሻቸው ላይ ነው፤ ከሸሚዙ በላይ፣ ነጭ፣ የነሐሴው ጋቢ። ከኋላቸው ያለው ሐይቅ አልተንቀሳቀሰም። ሰውየው ቀና ብለው እስክትናገር ይጠብቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ደግነት እንዳለ ነው። ስትደውል ተቆጥተው ይሰድቡኛል ብላ ፈርታ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው ማሽን እንጂ የሚሰድባት ሰው አልነበረም።

ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ውዳሴ፣ ደጁን ክፈቺልኝ። ልመሰክር ነው።»

መንደር ላይ የሚመሰክር ሰው በቤቱ ደፍ ላይ ቆሞ ነው የሚመሰክረው። በሩ እስከ ግድግዳው ይከፈታል፤ ጎረቤት የፈለገ መጥቶ ይሰማል፤ ሽማግሌዎቹ እስኪፈርዱ ድረስም ቁልፉ አይሠራም። ከተደበቀ ቤት የወጣ ቃል አይታመንም ይላሉ። ሶስና ስሟን ከነአባቷ ተናገረች። በነሐሴ ያየችውንና ዛሬ ያየችውን፣ ሸሚዙንና ጋቢውን፣ ፍራሿ ሥር ያሉትን ፍየሎች ሳይቀር፣ አንድ ሳታስቀር አወራች። አነጋገሯ አማረ አላማረ አላሰበችም። መዲና እውነት ብላለች፣ ደጄ ከደጇ ጋር ይቁም ብላ ጨረሰች። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የጠረጴዛውን ልብስ እየገለበጠ ቤቱን አቋርጦ አለፈ።

ያኔ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ ብዙም አልቀራትም።

ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። በር ሳይዘጋ መሽቶ አያውቅም። ሌባ አሰበች፤ ውሻ አሰበች፤ ነገ የዳቦ ጋሪው ሳይቆም ሲያልፍ፣ ጎረቤቱ አይቶ እንዳላየ ሲሆን አሰበች። ውዳሴ ሽማግሌ አግብታ ልብስ ስታጥብ ሳይቀር ታያት። ይህን ሁሉ ስታስብ አቶ ይማም በርጩማቸውን ይዘው መጡ፤ ደፉ ላይ አስቀምጠው መግቢያውን እንደ ዘበኛ በገላቸው ከልለው ተቀመጡ። ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ መሪ መንካት ከቀረ ወዲህ ሥራ የላቸውም።

«አቶ ይማም፣ ብርድ ነው፤ ይታመማሉ» አለቻቸው።

«ቤት ብቀመጥ ሚስቴ ታሳምመኛለች» አሉ። «ደግሞ ሌባ ቢመጣ ምን ይወስዳል? ወሬ ነው የምሰጠው፤ ተሸክሞ አይጨርሰውም።»

ሌሎቹም መጡ። አንዷ ወንበር፣ አንዷ የዘይት ጀሪካን፣ አንዷ የልጇን ብስክሌት ወንበር ነቅላ ይዛ። ማንም አልጠራቸውም። በር የተከፈተበት ቤት ብቻውን አይተውም ብለው፣ እግራቸውን ነጠላቸው ሥር አጥፈው ተቀመጡ፤ ስለ ውሃ ፈረቃና ስለ ልጆች ፈተና አወሩ። ሶስና በመካከላቸው ተቀምጣ አለቀሰች። ክፉ ብቻ ስትጠብቅ ይህን ሁሉ ሰው እንዴት ሳታየው እንደኖረች ገረማት።

ውዳሴ ስልኩን ይዛ መንደር ላይ የሚወጣውን ቃል ታነብላቸዋለች። መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም ነበር። ከዚያ ከሐዋሳ አንድ ሰው ቆመ፤ የእናቴን ለቅሶ ደርሶ ነበር አለ። ከጎንደር አንዲት መምህርት፤ የወንድሜን ለቅሶ ደርሶ ነበር። ከሐረር፣ ከነቀምት፣ ከአሰላ። ሁሉም ያንኑ ነው የሚሉት፤ ጋቢውን፣ የግራ ጫፉን፣ ሁለቱን ሳል። አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ዓምና እጃቸው የሞላ ነው፤ ዝም ያሉት ለቅሶ የደረሰን ሰው ማማት ነውር መስሏቸው ነው። ሐዘን ያለበትን ቤት እየፈለገ ነበር የሚገዛው። አቶ ይማም ይህን ሲሰሙ ቀልዳቸው ጠፋ፤ ትንሽ ቆይተው «እኔም እጅ ነስቼዋለሁ እኮ» አሉ። «አጎንብሼ።»

ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ራት ሰዓት ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ጸንቷል፤ የልዑልሰገድ ደጅ ተዘግቷል፤ ያልሞሉት እጆች ውል ሁሉ ፈርሷል። ሞልተው የተመዘገቡት ጉዳይ ግን ሌላ ችሎት ይፈልጋል፤ ቀኑ ወደፊት ይነገራል። ሶስና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ውዳሴን ደግማ አስነበበቻት። አንዋር እጃቸው ከሞሉት ነው።

ለመዲና ደወለች። ልጄን አተረፍሽልኝ አለች፤ አንቺ ማለቷንም አላስተዋለችም። መዲና በጊዜ ባትመጪ ኖሮ ዛሬ የሚዘጋው የኔ ደጅ ነበር፣ ስለዚህ እኩል ነን አለች። ሶስና እኩል አለመሆናቸውን ታውቃለች፤ መዲናም ታውቃለች።

ውዳሴ ስልኩን ከእናቷ እጅ ወስዳ አንዋርን ስጪኝ አለች። ልጁ ሲቀርብ ዓይን አፋር ነበር፤ የግራ እጅ ሥዕሉን እንዲያሳያት ብዙ ለመነችው። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ድመት ሊሆን ይችላል፤ ጫማም ሊሆን ይችላል። ውዳሴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በደንብ አየችው።

«ይኼን እንኳ ማንም አይሰርቅህም» አለችው።

አንዋር ከወዲያ በኩል ሳቀ፤ ቶሎ የማያቆም፣ የሚያስል ሳቅ። እንግዲህ ነገ ሌላ ላክልኝና ደግሜ ልስደብህ አለችው። መዲና ስልኩን ስትቀበል ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ሰማሽው?» አለች። «ከዓምና ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።»

ጎረቤቶቹ ወንበርና ጀሪካናቸውን ይዘው ተነሱ። ሶስና እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራች አመሰገነች፤ አቶ ይማምን ጉልበታቸውን ስማ አሳፈረቻቸው። ውዳሴ ዓይኑ ከላዩ በተነቀለበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ፣ ማንም ሳያያት፣ ለራሷ የሆነ ነገር ትስላለች። ፍየሎቹን የሳለላት ያ ነገር የት እንዳለ፣ በሌላ ስም ነገ የማንን ለቅሶ እንደሚደርስ አይታወቅም። ሶስና ይህን አሰበች፤ ነገ ደግማ እንደምታስበውም ታውቃለች። ዛሬ ግን ሌላ የምትለው አላት።

በሩ አጠገብ በባዶ እግሯ ቆመች። ለልጇ፣ ለጎረቤቶቿ፣ ለሞቱት አባቷ ሁልጊዜ የምትጸልየውን ጸለየች፤ መጨረሻ ላይ በዕድሜዋ አንድም ቀን በአካል አይታት የማታውቀውን ሴት ስም ጨመረች።

«መዲናንም ጠብቅልኝ» አለች። «ከነልጇ።»

ከዚያ በሩን ገፍታ ቆለፈችው።